ጮክ ብለን እናንብብላቸው

«የዘንድሮ ልጅ አያነብም» የሚለው አቤቱታ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠፍቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ በዚህ አቤቱታ ግን አልስማማም። ልጆቹ ታሪክ ነፍሳቸው ነው። ካልሆነማ ተከታታይ ድራማ በስልካቸው ሲያዩ ለምን ያመሻሉ? ያጡት ነገር ቢኖር ያው ጉጉት መጽሐፍ ውስጥም እንዳለ በጆሯቸው የሚያሰማቸውን ሰው ነው።

ክፍል ውስጥ ንባብ የምንለውን እስቲ ልብ በሉት። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ምንባብ አለ። ከምንባቡ በፊት የቅድመ ንባብ ጥያቄ ይቀድማል፤ ከምንባቡ በኋላ እውነት ወይም ሐሰት፣ የቃላት ፍቺ፣ ክፍት ቦታ መሙላት ይከተላል። ጥያቄ አያስፈልግም አልልም፤ ተማሪ የተረዳውን መመዘን ሥራችን ነው። ነገር ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መልስ ፍለጋ ብቻ ሲያነብ ያደገ ልጅ መጽሐፍ ባየ ቁጥር ትዝ የሚለው ፈተና ነው። «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለውን መፈክር በየቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ እንለጥፋለን። አባባሉ እውነት ነው። ሆኖም ሙሉ ሰው ልሁን ብሎ ልብ ወለድ የሚገልጥ ልጅ አላየሁም። ልጅ ገጽ የሚገልጠው ቀጥሎ የሚሆነውን ሳያውቅ መተኛት ሲያቅተው ነው።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የክፍለ ጊዜዬን የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ለንባብ ሰጥቻለሁ። እነሱ ደብተር ይዘጋሉ፣ እኔ መጽሐፍ እከፍታለሁ። ማስታወሻ መያዝ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ማርክ የለም። ዘንድሮ የያዝነው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ለዛሬ ልጆች ምናቸው ነው ያለኝ ባልደረባ አለ፤ አንድ ዓርብ መጥቶ ቢሰማ ደስ ይለኛል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ ገና ምንም ሳይሆን ነገሩ የገባቸው ሴቶች ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር ዴስክ ላይ ተደፍተው የነበሩት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ፊታውራሪ ከገበሬዎቻቸው ጋር ከተጣሉበት ቦታ የደረስን ዕለት ደግሞ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሙግት ገጠመ፤ ደወሉ ተደውሎም አልወጡ። ከሚያጓጓ ቦታ ላይ የማቆመው ሆን ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ የቤተ መጻሕፍታችን ቅጂ መደርደሪያው ላይ አይገኝም። ቀድሞ ያነበበው ልጅ በሚቀጥለው ዓርብ ከፊቱ ይታወቃል፤ አፉ ላይ የመጣውን ታሪክ ውጦ መቀመጥ ያቅተዋል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን ልብ ወለድ መጀመሪያ ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ተዋናዩ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ ያደምጥ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች የመጽሐፉን ገጸ ባሕርያት እንደ ሰፈራቸው ሰው ያሟቸው፣ ያዝኑላቸው ነበር። ከሬዲዮ በፊትም ቢሆን በእኛ አገር ንባብ ድምፅ ነበረው። የንባብ ቤት ተማሪ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የሚዘልቀው በአፉ እያሰማ፣ በጆሮው እያረመ ነው።

ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው። ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው ይህ ሥራ የመጀመሪያ አድማጮቹ አብረውት የታሰሩት ሰዎች ነበሩ። ነገ የሚሆኑትን የማያውቁ ሰዎች የማያውቁት አገር ሴት ታሪክ ሲነበብላቸው ጆሮ ሰጥተው ይሰሙ ነበር። የመጽሐፍን ደስታ የሚጠራጠር ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይህንኑ ነው።

«ማዳመጥ ማንበብ አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አይደለም። ግን መንገዱን ይከፍታል።

አንዲት ተማሪዬ እናቷ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው የሚያስተዳድሯት። ወላጆች በተጠሩ ዕለት እኚህ እናት ወደ እኔ ቀርበው፣ «መምህር፣ ያቺን ሰብለ ወንጌልን ዳሯት ወይስ እንደያዟት ናቸው?» አሉኝ። ልጅቱ ማታ ማታ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ ታነብላቸዋለች። እሳቸው ያሰፋሉ፣ አክንባሎውን ይደፋሉ፣ እስኪበስል ያደምጣሉ፤ እንጀራው ሲወጣ ንባቡ ይቆማል። መጽሐፉን ስትመልስልኝ አንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የደረቀ ሊጥ ነበረበት። እናትየው ማንበብ አይችሉም። በልጅነታቸው ግን ይህንኑ ታሪክ ከጎረቤት ሬዲዮ ቆርጠው ቆርጠው ሰምተውታል፤ መጨረሻው ያመለጣቸው ያኔ ነው። ልጃቸው አሁን እየጨረሰችላቸው ነው።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንድ አዲስ ልብ ወለድ ዛሬ በመቶዎች በሚቆጠር ብር ይሸጣል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ወደ ስልካቸው የሚያወርዱት ለዚህ ነው፤ ደራሲውን እንደሚጎዳው ብነግራቸውም አልፈርድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆትን የሚያህል ቤተ መጻሕፍት መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዳር ሰፈር ላለ ልጅ ግን የታክሲ ሒሳብ ይጠይቃል። ድምፅ ይህን ችግር ያቀለዋል። አምሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንድ ቅጂ ለሁሉም ይበቃል።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። የወደዳችሁትን መጽሐፍ ምረጡ፤ እናንተ ያልወደዳችሁትን ልጆቹ አይወዱላችሁም። ጥያቄ አታውጡበት። ርእሳነ መምህራን ይህችን ጊዜ ከዓመታዊ ዕቅዱ ጎድላለች ብላችሁ አትቁጠሩብን። የሬዲዮ ጣቢያዎችም ለትረካ ልጆች ነቅተው የሚሰሙበት ሰዓት ስጡት። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ጊዜ ዝጉና አንድ ምዕራፍ አንብቡላቸው። ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁን ጠርቶ «እስቲ አንብብልኝ» ይበለው።