አቅራቢ በማይቀየርበት ከተማ የቆጣሪ ንባብ ክርክር፦ የርክክብ ቀን ቁጥር ማን እጅ ይገኛል?

በደብረ ወርቅ ሱቅ ወይም መኖሪያ ቤት ተከራይቶ የቆየ ሰው ሲለቅ ዕቃውን ይጭናል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ ከጎረቤት ይሰነባበታል። በግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ቆጣሪ ቁጥር የሚመለከት ግን እምብዛም የለም። ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ከተለመደው በላይ የሆነ ቢል ሲመጣ አከራይ ወደ ወጪው ተከራይ ይደውላሉ። ወጪው «እኔ የተጠቀምኩትን ከፍያለሁ» ይላል፤ ገቢው «እኔ ከገባሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው» ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ በተሰጠበት ቀን ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ።

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር በብዛት የሚነሳው ደንበኛው ኃይል አቅራቢውን ትቶ ወደ ሌላ ሲሄድ ነው። እኛ ዘንድ ትቶ የሚሄድበት ሌላ አቅራቢ የለም። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ከፍተኛ ማስተላለፊያው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱና ሽያጩ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ከደጀን በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ወርቅም ሆነች አዲስ አበባ ከመረቡ ኃይል የሚገዙት ከዚሁ አንድ ተቋም ነው። በስልክ ረገድ ከ2015 ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም አለ፤ የተከፋ ሲም ካርድ ይቀይራል። በመብራት የተከፋ ሰው ግን ቢሮ ሄዶ ከመሟገት ሌላ ምርጫ የለውም። ለዚህ ነው የንባብ ክርክር እኛ ዘንድ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው።

አቅራቢው ባይቀየርም ደንበኛው ይቀየራል፤ ቆጣሪውም ይቀየራል። ተከራይ ይወጣል፣ ቤት ይሸጣል ወይም በውርስ ይተላለፋል፣ የድህረ ክፍያ ቆጣሪ ተነቅሎ በቅድመ ክፍያ ይተካል። በሦስቱም የአንዱ ሒሳብ ተዘግቶ የሌላው ይከፈታል። መዝጊያውና መክፈቻው አንድ ቁጥር መሆን አለበት፤ በመካከል ክፍተት ካለ ያ ክፍተት የአንዱን ገንዘብ ይበላል።

በብሪታንያ ያሉ ወገኖቻችን ይህንን በሚገባ ያውቁታል። እዚያ ቤቱ በቧንቧ ጋዝ ስለሚሞቅ የጋዝ ቆጣሪ አለ፤ አቅራቢ ሲቀየር የአሮጌው መዝጊያ ንባብ ለአዲሱ መክፈቻ ይሆናል። ደንበኛው ቁጥሩን ሲከራከር ሁለቱ ኩባንያዎች ተነጋግረው በአንድ ቁጥር መስማማት ይኖርባቸዋል፤ ልዩነቱ በጋዝ ከ1,200፣ በኤሌክትሪክ ከ250 ኪሎ ዋት ሰዓት ካላለፈ ግን ንባቡን እንደገና ለመክፈት አይገደዱም። በስምንት ሳምንት ውስጥ መልስ ያላገኘ ደንበኛ ጉዳዩን ወደ ኢነርጂ እንባ ጠባቂ ይወስዳል። ተቆጣጣሪው ኦፍጌም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ደግሞ አቅራቢው በራሱ ጉድለት ሳያስከፍል የቆየውን ከ12 ወር በላይ ወደኋላ ሄዶ መጠየቅ አይችልም። እዚያም ቢሆን ስህተት አይጠፋም። በኪዩቢክ ሜትር የሚቆጥር ቆጣሪ በኪዩቢክ ጫማ እንደሚቆጥር አሮጌ ቆጣሪ ተደርጎ ከተመዘገበ ቢሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ልዩነቱ ስህተቱ ሲገኝ የት እንደሚኬድና እስከ ስንት ጊዜ ወደኋላ እንደሚቆጠር አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ወደ ደብረ ወርቅ እንመለስ። ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንደሚኖረው ለመረዳት ታሪፉን ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ የወር ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በ2011 ተጀምሮ በአራት ዙር ከፍ ባለው ታሪፍ መጨረሻ ላይ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው በ0.273 ብር ሲቆይ፣ ከ51 እስከ 100 ያለው 0.767 ብር፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር ደረሰ። ያ ታሪፍ ዛሬ ተለውጧል፤ የእርከኖቹን ርቀት ለማሳየት ግን ይበቃል።

እንበል አንድ ቤተሰብ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። አንባቢ ለሦስት ወር ሳይመጣ ቀርቶ 270ው በአንድ ጊዜ ተነብቦ እንደ አንድ ወር ፍጆታ ከተመዘገበ፣ በዝቅተኛው እርከን ሊከፈል የሚገባው ኃይል ወደ ላይኛው እርከን ይገባል። ቆጣሪው አልዋሸም፤ አንባቢውም ያየውን ነው የጻፈው። የተዛባው ቁጥሩ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ቢል የመጣበት ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ቆጣሪዬ ተበላሽቷል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ንባብ ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን ነው? ለስንት ወር ተከፋፈለ?» ብሎ ነው። በእኛ ግምት ብዙ ሰው ይህንን ጥያቄ ሳይጠይቅ ከቢሮ ይመለሳል።

ከመስከረም 2017 ወዲህ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። አዲሱ የታሪፍ ማስተካከያ በየሦስት ወሩ እየተሸጋገረ ለአራት ዓመት እንዲተገበር የተዘጋጀ ነው። ዋጋው በየሩብ ዓመቱ ከተለወጠ ኃይሉ የተበላበት ቀን ራሱ ገንዘብ ነው። ዘግይቶ የተነበበ ቁጥር በቀድሞው ዋጋ የተበላውን በአዲሱ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

አንባቢ በየወሩ በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ደግሞ በክልላችን ሁኔታ አስቸጋሪ ሆኗል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የአማራ ክልል መንገዶች ምን እንደሚመስሉ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ መክፈልና ደረሰኝ መያዝ ለብዙዎች የማይቻል ነበር። ንባቡ የዘገየበት፣ ክፍያው የተጠራቀመበት፣ ተከራዩም በዚያው መሐል የተለዋወጠበት ቤት ካለ ሒሳቡን ዛሬ ቁጭ ብሎ መለየት ቀላል አይደለም። ይህን ዕዳ በሙሉ በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ በተገኘው ሰው ላይ መጫን ግን ከሐቅ የራቀ ነው እንላለን።

ስለ ቆጣሪው ራሱ ጥቂት እንበል። አሮጌው ባለ ክብ ሰሌዳ ቆጣሪ ላይ መጨረሻ ያለው ቀይ ወይም በቀይ የተከበበ አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ አስረኛ ክፍልፋይ ነው፤ እንደ ሙሉ አኃዝ ከተነበበ ፍጆታው በአስር ይባዛል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ተነቅሎ፣ መብራቱም ጠፍቶ ክቡ ሰሌዳ ከዞረ፣ ወይም በአዲሱ ቆጣሪ ላይ ትንሿ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች፣ መስመሩ ላይ ሌላ ተጠቃሚ ወይም ብልሽት ሊኖር ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ለሁለት ሰዓት እንጀራ የጋገረ ቤት በአማካይ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጠቅሟል ማለት ነው። በረመዳን ለሱሑርና ለኢፍጧር ማዕድ ቤቱ በቀን ሁለቴ ስለሚሠራ ቢሉ ከፍ ቢል አይደንቅም። ቅሬታ ከማቅረብ በፊት ይህንን በሐቀኝነት መቁጠር ከእኛ ይጠበቃል።

የጋራ ቆጣሪ ጉዳይ ደግሞ የብቻው ራስ ምታት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ የአራቱም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው በዝቅተኛው ይከፍል ነበር። አምፖል ብቻ ያለው ተከራይ ምጣድ ካለው ጋር እኩል ሲካፈል ጠብ ይነሳል፤ አንዱ ሲለቅ ደግሞ የእሱ ድርሻ ከየትኛው ቁጥር ጀምሮ እንደሚቆም ማንም አያውቅም። አከራዮች በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ቢያስገቡ ይህ ክርክር ይቀንሳል። ያ ቆጣሪ ድርሻ ለመለየት እንጂ ለተቋሙ ቢል እንደማያገለግል ግን አስቀድሞ መነገር አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ቆጣሪ የሚቀየርበት ቀን ነው። የድህረ ክፍያው ተነቅሎ የቅድመ ክፍያው ሲተከል አሮጌው ቆጣሪ ተጭኖ ይሄዳል። ከቆጣሪው ጋር ማስረጃውም ይሄዳል። ከወራት በኋላ «በአሮጌው ቆጣሪ ቀሪ ዕዳ አለብዎት» ሲባል ደንበኛው የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት የቆጣሪው መለያ ቁጥርና የመጨረሻው ንባብ በአንድ ፎቶ ላይ እንዲታዩ ተደርጎ ይነሳ፤ ባለሙያው የሚሞላው ቅጽ ላይ የተጻፈው ከፎቶው ጋር ይመሳከር፤ ቅጂ ይጠየቅ። ስልኩ ካሜራ የሌለው ሰው በወረቀት ጽፎ ከጎረቤት ሁለት ምስክር ያስፈርም።

በሕግ በኩል የደንበኛው እጅ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት እንዳለበት፣ ግዴታው ቀርቷል የሚለው ደግሞ ያንኑ ማስረዳት እንዳለበት ይደነግጋል። ወደ እኛ ጉዳይ ስናመጣው ገንዘቡን የጠየቀው ንባቡን ያሳያል፤ ከፍያለሁ ያለው ደረሰኙን ያሳያል። በተግባር ግን መብራት የሚቆረጠው ክርክሩ ሳያልቅ ስለሆነ ማስረዳቱ ሁሉ በደንበኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ተቋሙ አንድ ብቻ በሆነበት አገር ይህ ሚዛን ሊስተካከል የሚችለው በተቆጣጣሪው ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሁለት ነገር በግልጽ ቢያስታውቅ ብዙ ክርክር ይቀንሳል ብለን እናምናለን፤ ወደኋላ ማስከፈል እስከ ስንት ወር እንደሚፈቀድ፣ እና በክርክር ላይ ላለ ቢል መብራት እስከ መቼ እንደማይቆረጥ።

ይህ ጥያቄ ለሙስሊም አንባቢ ባዕድ አይደለም። ነቢዩ ሹዐይብ ዐለይሂ ሰላም ወደ መድየን ሕዝብ ሲላኩ ከተውሒድ ጥሪ ጋር ያነሱት የመለኪያና የሚዛን ጉዳይ ነበር፤ ሱረቱል ሙጠፊፊንም የተሰየመው መለኪያ በሚያጎድሉ ሰዎች ነው። በቀደሙት የሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲቡ ገበያ እየዞረ ሚዛንና መስፈሪያ ይፈትሽ ነበር፤ የተበደለ ሰው እስኪመጣ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የቆጣሪ ምርመራም ደንበኛ ሲጮህ ብቻ የሚደረግ መሆን የለበትም። በሌላ በኩል ቆጣሪ አሳልፎ መስመር የሚጠልፍ ሰውም ያው መለኪያ አጉዳይ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው ብሎ ማቃለል አያዋጣም።

ቅሬታው በቃል ብቻ ከቀረበ አሻራ አይተውም። ማመልከቻው የውል ቁጥሩን፣ የቆጣሪውን መለያ፣ የሚከራከሩበትን ንባብና ቀኑን ይያዝ፤ ገቢ ይደረግ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይታተም። ቆጣሪው ስህተት አለበት ብለው ከጠረጠሩ እንዲመረመር በዚያው ማመልከቻ ይጠይቁ። የማያከራክረውን ክፍል እየከፈሉ ቀሪው እስኪጣራ እንዲቆይ መጠየቅም ይቻላል፤ የሚሰጠው መልስ ግን በጽሑፍ ይሁን። በ905 የጥሪ ማዕከል የተደወለበት ቀንና ሰዓትም ይመዝገብ። በአካባቢው ቢሮ መልስ ከጠፋ ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በአስተዳደር በደል ላይ አቤቱታ ወደሚቀበለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል።

በአከራይና በተከራይ መካከል ያለው ደግሞ ከዚህ ይቀላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በዚያ ውል ላይ የገቡበት ቀን የቆጣሪ ንባብ አንድ መስመር ቢሆን፣ ሲወጡም ከሥሩ ሌላ መስመር ቢጨመር ይበቃል። ዕዳን ስለ መጻፍ ቁርኣን በረጅሙ አንቀጹ ያዘዘውን የምናውቅ ሰዎች «እንተማመናለን» ብለን ይህንን መተዋችን ይገርማል። መተማመን የሚበላሸው እኮ ባለመጻፉ ነው።

የመስጂዶቻችንን ነገር ሳናነሳ አንለፍ። ቆጣሪው መሬቱን ወይም ቤቱን በሰጡ አንድ አባት ስም ተመዝግቦ የቆየ መስጂድ ካለ ኮሚቴው ቆም ብሎ ያስብበት። እኚህ አባት ወደ አኼራ ሲሄዱ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳቸው መከፈል አለበት፤ በስማቸው የተጠራቀመ የመብራት ዕዳ ካለ ጀመዓው የተጠቀመው በሟች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ወራሾች ደጅ ይደርሳል። የኮሚቴ አባላት በየሁለት ዓመቱ ሲቀያየሩም ማኅተምና የባንክ ደብተር እንደሚረካከቡት የቆጣሪው ንባብና የመጨረሻው ደረሰኝ በርክክቡ ሰነድ ላይ ይግባ። ስሙ እንዲዛወር የሚጠየቅበት ማመልከቻም ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ፣ ራሳቸው ፈርመውበት ቢገባ መልካም ነው።