በሩ ላይ የተጻፈውን የማያነብ «ሕግ አክባሪ»

አንድ ሐበሻ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን ውስጥ ምግብ ቤት ሲከፍት የሚያሟላው ነገር ብዙ ነው። የጤና ፈቃድ፣ የመጠጥ ፈቃድ፣ የእሳት አደጋ ምርመራ፣ የኪራይ ውል። ይህን ሁሉ ጨርሶ በመጨረሻ ከአማዞን በጥቂት ዶላር የገዛትን ተለጣፊ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ሽጉጥ ተስሎባት በቀይ መስመር የተሰረዘች ክብ ምልክት ናት። ከዚያ ወዲያ የመሣሪያ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ፈቃድ ያለው ታጣቂ ያቺን ተለጣፊ አይቶ ሽጉጡን እንደያዘ ቢገባ የቴክሳስ ሕግ ወንጀለኛ አይለውም።

ሕጉ የሚፈልገው ሌላ ነው። የግዛቲቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 30.06 ሽጉጡን ደብቆ ለሚይዝ ባለፈቃድ፣ 30.07 በግልጽ ታጥቆ ለሚሄድ ባለፈቃድ፣ 30.05 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ለተፈቀደለት ሰው ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ለሦስት ዓይነት ሰው ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ማለት ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መሆን አለበት። ፊደሉ ቢያንስ የ1 ኢንች ቁመት ይኑረው፣ ቀለሙ ከጀርባው ተለይቶ ይታይ፣ ለባለፈቃዶቹ ደግሞ ሕጉ ላይ ያለው ቃል እንዳለ ይገልበጥ ይላል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ፈጽሞ ሰውየው ጥሶ ቢገባስ? እስከ 200 ዶላር ይቀጣል። ጉዳዩ የሚከብደው በቃል «ውጣ» ተብሎ እምቢ ሲል ነው።

በእስክሪብቶ የተጻፈ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለሁሉም ሰው ይገባዋል። «ያለ ጫማ አይገባም» የሚለውንም ኢንቹን ለክቶ የሚከራከር ሰው የለም። ሽጉጥ ላይ ሲደረስ ብቻ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ያለውን ሐሳብ በማስመሪያ እንዲያስለካ ይጠየቃል። ብዙ ሐበሻ ያለባት ሚኒሶታማ የፊደሉን ዓይነት ሳይቀር ደንግጋለች፦ ጥቁር ኤሪያል፣ ቁመቱ ቢያንስ 1.5 ኢንች፣ ከመግቢያው ከ4 ጫማ ያልራቀ፣ የታችኛው ጠርዙ ከወለል ከ4 እስከ 6 ጫማ ከፍ ያለ። ለዚህ ሁሉ ድካም ባለሱቁ የሚያገኘው ጥበቃ አስቂኝ ነው። ታጣቂው ውጣ ተብሎ አልወጣም ካለ፣ ለመጀመሪያ ጥፋት ከ25 ዶላር ያልበለጠ ቅጣት። መኪናውን ያለ ቦታው ያቆመ ሰው ከዚህ የባሰ ሊከፍል ይችላል። በጆርጂያ ደግሞ ምልክቱን አልፎ መግባት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀል የሚሆነው ሰውየው ተነግሮት አልወጣም ሲል ነው።

ስለዚህ እነዚህ ሕጎች በተግባር ለባለቤቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ምልክቱን ተወውና ፊት ለፊት ንገረው። ማን ይንገረው? ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ቤት ነው፤ ካልሆነም ኪራዩን ለማሟላት ኡበር እየነዳ ነው። ፊት ለፊት ያለችው የ20 ዓመት አስተናጋጅ ናት። ቀን ኮሌጅ ትማራለች፣ ማታ በቲፕ ትኖራለች። እሷ ናት ወገቡ ላይ ሽጉጥ ወደታጠቀው ሰውዬ ሄዳ «ይቅርታ ጌታዬ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን አላዩትም መሰለኝ» እንድትል የሚጠበቅባት። ሰውየው ጨዋ ከሆነ ይነሳል። ካልሆነስ? በሜይ 2020 ፍሊንት ሚሺጋን ውስጥ አንድ የመደብር ጥበቃ ሠራተኛ ተተኩሶበት ተገደለ። የተገደለው ስለ መሣሪያ ተናግሮ እንኳ አይደለም፤ ማስክ ይደረግ ባለ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ብቻውን ካሸር የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም፤ ያውቀዋል።

ምልክት የሚለጠፈው እኮ ይህ ንግግር እንዳይደረግ ነው። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የአስተናጋጇ አፍ ነው። ጽሑፉን ዋጋ ያሳጣ ሕግ እሷን ከታጣቂው ጋር ፊት ለፊት ያገናኛታል።

ከሕጉ የሚብሰው ግን በታጣቂዎች ዘንድ የሚነገር አንድ ትምህርት ነው፦ ደብቀህ ከያዝክ ማን ያውቃል? ምልክቱን አልፈህ ግባ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ውጣ። ይህን የሚሉት ወንበዴዎች ቢሆኑ አይገርምም ነበር። የሚሉት «እኛ ሕግ አክባሪ ዜጎች ነን» ብለው አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ አውጥተዋል፣ ሥልጠና ወስደዋል፣ ወንጀል የለባቸውም። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ባለቤቱ «አይሁን» ያለውን ነገር ደብቆ ይዞ መግባት ምን ይባላል? ያው ሰው እቤቱ የመጣ እንግዳ እንዲህ ቢያደርግበት ምን ይል ነበር? መብቴን የሚል ሰው መጀመሪያ የሌላውን መብት በር ላይ ረግጦ ከገባ፣ የሚያስከብረው መብት ሳይሆን ፍላጎቱን ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ ከ1791 ጀምሮ የሚገድበው መንግሥትን ነው። የምግብ ቤት ባለቤት መንግሥት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 መሣሪያ በቤት የማኖርን፣ በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭ ይዞ የመንቀሳቀስን መብት ሲያጸና፣ ማንም ሰው ማንም ደጃፍ ውስጥ እንዲህ ታጥቆ ይገባል አላለም። (ውሳኔውን የሰጡት ዳኞች የሚሠሩበት ሕንፃ ጎብኚን ፈትሾ ነው የሚያስገባው። መሣሪያ ይዞ የሚገባ የለም።)

አሁን ክርክሩ የደረሰው ባለቤቱ ዝም ካለ ምን ይባል የሚለው ላይ ነው። ሃዋይ በ2023 ባወጣችው ሕግ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የግል ንግድ ቤት መሣሪያ ይዞ ለመግባት የባለቤቱ ግልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል አለች። ሌላው አብዛኛው ግዛት ተቃራኒውን ነው የያዘው፤ ባለቤቱ ካልከለከለ ፈቅዷል። ሜሪላንድም በዚያው ዓመት የሃዋይን መንገድ ሞክራ የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደባት። የሃዋይን ሕግ ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 ሲደግፈው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2025 ጉዳዩን ለማየት ተቀበለ። የሃዋይን ሕግ የሚቃወሙት «ዝምታ ፈቃድ ነው» ባዮች ናቸው። ሐበሻ ሰው ቤት ሲሄድ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ይግቡ» እስኪባል ይጠብቃል እንጂ ዝም ስለተባለ ዘው አይልም። እርግጥ ሱቅ መኖሪያ ቤት አይደለም፣ በሩ ለገዢ ክፍት ነው። ክፍት የሆነው ግን ለገዢው ነው። ሽጉጡንም ጠርቶታል ወይ ነው ጥያቄው። ይህን የሚመልሰው ደግሞ ታጣቂው ሳይሆን ኪራይ የሚከፍለው ሰው ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። በኦክቶበር 1991 ኪሊን ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሰው በመኪና የምግብ ቤት መስታወት ሰብሮ ገብቶ 23 ሰው ገደለ። እናትና አባቷን እዚያ ያጣችው ሱዛና ሃፕ ሽጉጧን መኪናዋ ውስጥ ትታ ነበር የገባችው። ኋላ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆና ዕድሜዋን ስለዚህ ተናግራለች፤ ማንም በቀላሉ የሚመልስላት ጥያቄ አይደለም። በጁላይ 2022 ደግሞ ግሪንዉድ ኢንዲያና የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተኩስ የከፈተን ሰው፣ ሦስት ሰው ከገደለ በኋላ፣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት በያዘው ሽጉጥ በሰከንዶች ውስጥ አስቆመው። አዳራሹ መሣሪያ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ወጣቱ ደንቡን ባያፈርስ ኖሮ የሟቹ ቁጥር ይጨምር ነበር። ይህ መታመን አለበት።

ነገር ግን ሱዛና ሃፕን ሽጉጧን መኪና ውስጥ ያስተዋት የምግብ ቤቱ ባለቤት ጽሑፍ አልነበረም፤ የወቅቱ የቴክሳስ ሕግ ነው። ያ ሕግ በ1995 ተቀይሯል። የእሷ ክስ መንግሥት ላይ ነው። ያንን ክስ አንስቶ የአንድ እንጀራ ቤት ባለቤት ላይ መጫን ማጭበርበር ነው። የኢንዲያናው ታሪክም አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው። በኖቬምበር 2018 ሁቨር አላባማ፣ እንዲሁ መሣሪያ የሚከለክል የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተኩስ ተሰማ። ሽጉጥ በእጁ የያዘ የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት ፖሊስ አይቶ ተኩሶ ገደለው። ፖሊስ በመጀመሪያ ተኳሹ እሱ ነው አለ፤ ከዚያ አይደለም አለ። የገደለው ፖሊስ አልተከሰሰም። በጁን 2021 አርቫዳ ኮሎራዶ ውስጥ ነፍሰ ገዳዩን ተኩሶ የጣለውን ሰው፣ ዘግይቶ የደረሰ ፖሊስ ጥፋተኛ መስሎት ገደለው። በጁላይ 2016 ዳላስ መሀል ከተማ አምስት ፖሊሶች በተገደሉባት ሌሊት ፖሊስ ፎቶውን «ተጠርጣሪ» ብሎ የበተነው፣ በሕጋዊ መንገድ ጠመንጃ ያነገበ ንጹሕ ጥቁር ሰው ነበር።

ለሐበሻ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ግርግር ተነስቶ ሦስት ሰው ሽጉጥ ቢያወጣ፣ በር ሰብሮ የሚገባው ፖሊስ የትኛው ባለፈቃድ፣ የትኛው ወንበዴ እንደሆነ በምን ያውቃል?

«ምልክት ሌባ አያቆምም» ይላሉ። አያቆምም፤ ማንም ያቆማል አላለም። ምልክቱ ለሌባው አልተጻፈም። የተጻፈው አርብ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ለመጣው፣ ሦስተኛውን ጠርሙስ ለጨረሰው፣ ጎን ካለው ጠረጴዛ ጋር ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ቃል ለተወራወረው ባለፈቃድ ነው። ያለፉት ዓመታት ጦርነቶች የዲያስፖራውን ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር ሳይቀር እንዴት እንደከፋፈሉ የማያውቅ የለም። ቀን ምግብ ቤት፣ ቅዳሜ ሌሊት ዳንስ ቤት የሚሆነው ቤት ውስጥ አንድ ቃል ለጸብ ይበቃል። ጠርሙስ ሲወረወር ሰው ይፈነከታል። ሽጉጥ ሲወጣ ግን ቀብር ነው። ቴክሳስ ራሷ ይህን ታውቃለች፤ ከገቢው 51 በመቶውና ከዚያ በላይ ቤቱ ውስጥ ከሚጠጣ መጠጥ የሚያገኝ ንግድ ቤት በቀይ የተጻፈውን «51%» ይሰቅላል፤ እዚያ ባለፈቃዱም ሽጉጥ ይዞ ቢገባ ከባድ ወንጀል ነው። ገቢው 49 በመቶ ሲሆን የሰካራም ጠባይ ይቀየራል እንዴ?

ሌላው መከራከሪያ መኪና ውስጥ የተተወ ሽጉጥ ይሰረቃል የሚለው ነው። ይሰረቃል። መፍትሔውም ሽጉጡን እቤት መተው ወይም ሌላ ቦታ መብላት ነው። ዳላስ ውስጥ የሚበላበት ቤት አልጠፋም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች በዚህ ረገድ ያሳዩት ፍርሃት ያሳፍራል። ስታርባክስ በ2013 «እባካችሁ መሣሪያ አታምጡ» ብሎ ለመነ፤ ክልከላ አይደለም ሲልም አከለ። ዋልማርት ኤል ፓሶ በሚገኝ ቅርንጫፉ በኦገስት 2019 በደረሰው ጥቃት 23 ሰው ካለቀ በኋላ እንኳ የጠየቀው በግልጽ ታጥቃችሁ አትግቡ ብሎ ብቻ ነው፤ የደበቀውን አልነካም። በሺህ የሚቆጠር ሱቅና የጠበቃ ሠራዊት ያለው ድርጅት ይህን ያህል ከፈራ፣ ባለ አሥር ጠረጴዛው ሐበሻ ብቻውን ይዋጋ ማለት አይቻልም።

የእኛ ባለቤቶችም ከነቀፋ አያመልጡም። አዲስ አበባ ሆቴል ሲገቡ ፍተሻን ያለ ቅሬታ የሚቀበሉ ሰዎች፣ አሜሪካ ውስጥ የራሳቸው በር ላይ ቆመው ደንበኛ እንዳይቀየም ይፈራሉ። ምልክት ለጥፈው ጓደኛቸው ወገቡ አብጦ ሲገባ «እሱማ ልጃችን ነው» የሚሉም አሉ። ለጓደኛ የማይሠራ ጽሑፍ ለእንግዳው ሰው ቀልድ ነው።

የቴክሳስ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። የኢንቹና የቁጥሩ ጨዋታ ቀርቶ ግልጽ የሆነ ማንኛውም ጽሑፍ እንዲበቃ መጠየቅ የሚቻለው ያኔ ሲሆን፣ የሐበሻ ነጋዴዎች በቁጥር ሆነው እስኪጠይቁ ድረስ ማንም አያነሳላቸውም። እስከዚያው ግን የጋርላንዱ ሰው ያቺን ክብ ተለጣፊ ይላጥ። የ30.05፣ የ30.06 እና የ30.07ን ጽሑፍ በሁለቱ ቋንቋ፣ በ1 ኢንች ፊደል ያሳትም፤ በያንዳንዱ መግቢያ ይስቀል። አስተናጋጇን ደግሞ «አንቺ አትናገሪው፣ ወጥ ቤት ገብተሽ 911 ደውዪ» ይበላት። አማርኛውን ሕጉ አይጠይቅም፤ ከሥሩ ቢጨመር ግን የሚከለክል የለም።