ምጣኔ ሀብት ወይስ ሰፊው የልማት ጥናት፤ የራያ ቆቦ ወጣቶች የትምህርት ምርጫ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ወደ መቀሌ በሚያመራው አውራ ጎዳና ዳር የምትገኝ፣ በማሽላና በጤፍ ምርቷ የምትታወቅ የሰሜን ወሎ ዞን ከተማ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የራያ ቆላማ ቀበሌዎች የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን መርጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ በር ሲከፈትላቸው ከሚጠብቋቸው ዓበይት ጥያቄዎች አንዱ የትምህርት ክፍል ምርጫ ነው። ምርጫውም ብዙውን ጊዜ በሁለት አማራጮች መካከል ሲወድቅ ይስተዋላል። አንደኛው ራሱን የቻለ የምጣኔ ሀብት ወይም የኢኮኖሚክስ ትምህርት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምጣኔ ሀብትን ከአካባቢ ጥበቃ፣ ከአስተዳደርና ከኅብረተሰብ ጥናት ጋር አዋህዶ የሚሰጥ ሰፋ ያለ የልማት ትምህርት ነው።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም ክብደቱ ከፍተኛ ነው። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። በ2017 ዓ.ም ይህ አኃዝ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም፣ የዩኒቨርሲቲውን ደጃፍ በቀጥታ የሚረግጡት አሁንም ጥቂቶች መሆናቸውን ያመለክታል። የራያ ቆቦ ተማሪዎች ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አልፈዋል። አካባቢው ከ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የጦርነት ሜዳ ሆኖ ቆይቷል፤ በቅርብ የሚገኘው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም በወቅቱ ለከፍተኛ ዝርፊያና ውድመት ተዳርጎ ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ወጣት፣ ወላጆቹ ከማሽላና ከከብት ሽያጭ ቆጥበው የላኩት እንደመሆኑ፣ የመረጠው መስክ አላዋጣም ብሎ እንደገና የመጀመር አቅም የለውም። ከተመረቀ በኋላም ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ይጠብቀዋል።

የምርጫውን ሂደት በተመለከተ፣ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ከሦስት ወደ አራት ዓመት ከፍ ብሎ የመጀመሪያው ዓመት ለጋራ ትምህርቶች ተመድቧል። በዚህ ዓመት የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪው የምጣኔ ሀብት መግቢያን፣ ሒሳብን፣ ሥነ አመክንዮን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊና ታሪክ፣ እንዲሁም ሥነ ሰብእን ይቀምሳል። የትምህርት ክፍል ድልድሉም በተማሪው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በውጤቱና በክፍሎቹ የመቀበል አቅም ይወሰናል። በመሆኑም የመጀመሪያው ዓመት ተማሪው የራሱን ዝንባሌ የሚለካበት የሙከራ ወቅት ነው ማለት ይቻላል። ይህንን ዕድል ሳይጠቀምበት የጓደኛውን ምርጫ ተከትሎ ቅጹን የሚሞላ ተማሪ ግን ጥቂት አይደለም።

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ዋነኛ ጥንካሬው የመሣሪያዎቹ ስለት ነው። ተማሪው የዋጋን፣ የአቅርቦትንና የፍላጎትን ጠባይ፣ የአገር አቀፍ ምርትንና የገንዘብ ሥርዓትን፣ ስታቲስቲክስንና ኢኮኖሜትሪክስን በየደረጃው ይማራል። እነዚህ መሣሪያዎች ለቆቦ ሩቅ አይደሉም። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ባለፈው ዓመት የነበረውን ጥሩ ዋጋ አይተው ሁሉም በአንድ ወቅት ሲተክሉ፣ ምርቱ በአንድ ሳምንት ገበያውን ያጥለቀልቀውና ዋጋው ይወድቃል፤ በዚህ ተስፋ ቆርጠው በቀጣዩ ዓመት ሲቀንሱ ደግሞ ዋጋው ተመልሶ ይንራል። ይህ ዑደት የምጣኔ ሀብት ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚማረው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም፣ ከውጭ በሚገቡት በማዳበሪያና በነዳጅ ዋጋ አማካይነት እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ የሚዘልቅ ጉዳይ ነው። የዚህን ትስስር ሰንሰለት አንድ በአንድ ቆጥሮ ለማስረዳት ጠንካራ የምጣኔ ሀብት ዕውቀት ይጠይቃል።

በአንጻሩ ሰፋ ያሉት የልማት ትምህርቶች ጥንካሬ ችግሩን በመላ አካሉ ማየታቸው ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራርና ዘላቂ ልማት፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የልማትና የአካባቢ ሥራ አመራር ጥናት፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደርና የልማት ጥናት በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ናቸው። የእነዚህ ትምህርቶች አስፈላጊነት በራያ ምድር ላይ በግልጽ ይታያል። በ1990ዎቹ ሥራውን የጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን በጥልቅ ጉድጓዶች አውጥቶ ለመስኖ ማዋልን ዓላማው አድርጎ ተንቀሳቅሷል። በሆርማትና በጎሊና ተፋሰሶች የሚገኘውን ይህን ውኃ በአግባቡ ለመጠቀም የፓምፑን ወጪና የምርቱን ገቢ ማስላት ብቻ በቂ አይሆንም። ውኃው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚተካ፣ ተራው በማን እንደሚወሰን፣ የመስኖ ኮሚቴው ክርክር ሲነሳ እንዴት እንደሚዳኝ፣ ከተራራው በሚወርደው ጎርፍ ጠለፋ ላይ የነበረው ነባር ልማድ ምን እንደሚል ማወቅ ግድ ይላል።

በዚህ ረገድ የዓለም ተሞክሮም የሚያስተምረው አለ። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በትምህርታቸው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ነበሩ። የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በደቡብ ካሊፎርኒያ ስላለው የከርሰ ምድር ውኃ አስተዳደር ሲሆን፣ በኋላም ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ሕግ የጋራ ሀብትን ጠብቀው ሊያኖሩ እንደሚችሉ በበርካታ አገሮች ማስረጃ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ሆነዋል። የምጣኔ ሀብት ትልቁ ሽልማት ከዘርፉ ውጭ ለሠለጠነ ምሁር መሰጠቱ በመስኮች መካከል ያለው አጥር የሚታሰበውን ያህል ከፍ ያለ አለመሆኑን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የሚገኘው እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ የደረሰው ረኀብ የብዙ ሺህ ወገኖችን ሕይወት ከመቅጠፉም ባሻገር፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ረኀብ የነበረውን አስተሳሰብ ከለወጡ ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረኀብ በሚያወሳው መጽሐፋቸው አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል። የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ያን ያህል አለማሽቆልቆሉን፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ሰማይ አለመንካቱን፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል እንደነበረ አመልክተዋል። የተራበው ሕዝብ እህል ከገበያ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ ሰብሉና ከብቱ ሲያልቅበት እህሉን የራሱ የሚያደርግበት አቅም ስላጣ መራቡን አስረድተዋል። ሴን እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ይህንኑ ችግር ኢትዮጵያውያን ምሁራን በየበኩላቸው ከሌላ አቅጣጫ መርምረውታል። የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በነበሩት ዓመታት የገጠሩ ሕዝብ ለረኀብ የተጋለጠበትን ምክንያት አጥንተው፣ ድርቅ ብቻውን ረኀብን እንደማይፈጥርና ገበሬው የሚኖርበት የአመራረትና የአገዛዝ ሥርዓት ዋነኛው መንሥኤ መሆኑን ተከራክረዋል። አቶ ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ የ1977ቱን ረኀብ ይዘው በወሎ አምባሰል ባካሄዱት ጥናት፣ ገበሬው ክፉ ቀን ሲመጣ አስቀድሞ ምን እንደሚያደርግ፣ ምግቡን እንዴት እንደሚቀንስ፣ ከብቱንና ንብረቱን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሸጥ፣ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚረዳዳ በዝርዝር አሳይተዋል። ከቆቦ በስተሰሜን በምትገኘው ኮረም የነበረው መጠለያ በዓለም መገናኛ ብዙኃን የታየው በዚያው ዘመን ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚገኘው ትምህርት ለምርጫው ጥያቄ ቀጥተኛ ምላሽ ይሰጣል። አንደኛው ዋጋንና የመግዛት አቅምን፣ ሁለተኛው መሬቱንና ሥርዓቱን፣ ሦስተኛው የገበሬውን ኑሮና ውሳኔ ተመልክተዋል። አንዳቸው ያዩትን ሌላው ሙሉ በሙሉ አላየውም፤ የወሎ ረኀብ በአግባቡ የተረዳውም በሁሉም ድምር ነው። ከዚህ አንጻር ስፋት አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ስፋቱ የተገኘው ሁሉም ከሁሉም ጥቂት በመያዛቸው ሳይሆን፣ እያንዳንዱ በያዘው ሙያ ጠልቆ ከገባ በኋላ ወደ ጎረቤት መስክ በመሻገሩ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ልምድም ከዚህ የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ምጣኔ ሀብትን ያዋሐደ ዲግሪ መስጠት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1920 ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ታዋቂ የጥምር ትምህርት እንኳ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት ሲያጠናቅቅ ከሦስቱ አንዱን ትቶ በሁለቱ ላይ እንዲያተኩር ይፈቀድለታል። ስፋትን ዓላማው ያደረገ ትምህርትም ቢሆን ማዕከል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የሥራ ዓለሙን ሁኔታ መመልከትም ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በተማረበት መስክ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል፤ በመጀመሪያው ዓመት ፈተናውን ያለፉት 40 በመቶ ገደማ እንደነበሩ አይዘነጋም። የምጣኔ ሀብት ምሩቅ በባንክ፣ በፕላንና ልማት፣ በገንዘብ፣ በገቢዎችና በንግድ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የትምህርት መስኩን ስም በቀጥታ ያገኘዋል። የሰፊው ልማት ጥናት ምሩቅ ግን ብዙ ጊዜ “ወይም ተመሳሳይ የትምህርት ዓይነት” በሚለው ሐረግ ሥር ራሱን ለማስገባት ይገደዳል። ይህ ማለት ዕድሉ ጠባብ ነው ማለት አይደለም። በአደጋ መከላከል፣ በምግብ ዋስትና፣ በተፋሰስ ልማትና በረድኤት ድርጅቶች ውስጥ ቅድሚያ የሚያገኝባቸው የሥራ መደቦች አሉ። ሆኖም የምጣኔ ሀብት ምሩቃንም ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት እየጨመረ በመምጣቱ፣ የዲግሪው ስም ብቻውን ሥራ የሚያስገኝበት ዘመን አልፏል።

ከእነዚህ ነጥቦች በመነሳት አንድ ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል። በሒሳብ መሠረቱ ጠንካራ የሆነና ቁጥርን የማይፈራ የቆቦ ተማሪ ምጣኔ ሀብትን ቢመርጥ፣ ከዚያም የመመረቂያ ጽሑፉን በአካባቢው መስኖ፣ በማሽላ ገበያ ወይም በገበሬው የብድር አጠቃቀም ላይ ቢሠራ፣ ጥልቀትን ከስፋት ጋር ያገናኛል። ሰፊውን ጥናት በሁለተኛ ዲግሪ መከታተልም ይችላል። በአንጻሩ ሰፊውን ጥናት ጀምሮ በኋላ ወደ ምጣኔ ሀብት መመለስ፣ የሒሳብና የኢኮኖሜትሪክስ መሠረት ስለሚጠይቅ፣ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል ሒሳብ የሚከብደው፣ ነገር ግን ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራትን፣ መሬትንና ኅብረተሰብን ማጥናትን የሚወድ ተማሪ ለስሙ ክብር ሲል ወደ ምጣኔ ሀብት ቢገባ ጉዳቱ ለራሱና ለቤተሰቡ ነው። እርሱ ሰፊውን ጥናት መርጦ ቢያንስ ስታቲስቲክስን፣ የመስክ ጥናት ዘዴንና የኮምፒዩተር የመረጃ ትንተናን አጥብቆ ቢይዝ የተሻለ ነው። መለኪያው የዲግሪው ስም ሳይሆን፣ ተማሪው ከአራት ዓመት በኋላ በእጁ ይዞት የሚወጣው ሊሠራበት የሚችል ችሎታ ነው።

ኃላፊነቱ ግን በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ትምህርት መስኮቹ ይዘት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት እንዲያውቁ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊዎቹ የልማት ትምህርቶች ውስጥ የስታቲስቲክስና የምጣኔ ሀብት ድርሻን ማጠናከር፣ በምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥም የመስክ ልምምድን ማስፋት ይኖርባቸዋል። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ “ተመሳሳይ የትምህርት ዓይነት” የሚለውን ሐረግ በግልጽ ዘርዝረው ቢያስቀምጡ ከብዙ ቅሬታ ይድናሉ።

ወሎ የረኀብ ጥናት መስክ ሆኖ የዓለምን ምሁራን ሲያስተምር ቆይቷል። ቀጣዩን የውኃ፣ የእህልና የገበያ ጥያቄ አካባቢውን ከሩቅ ከሚያጠኑት ይልቅ በዚያው ተወልደው ያደጉ ወጣቶች እንዲመልሱት ከተፈለገ፣ የሚመርጡት ትምህርት በቂ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ማገዝ የቤተሰብ፣ የትምህርት ቤቶችና የመንግሥት የጋራ ተግባር ሊሆን ይገባል።