እጅ ሥራ ስትሉ የማንን እጅ ነው?

ሰሞኑን ልጅ የሚጠብቁ እኩዮቼ ሞባይል መሥራት ይዘዋል። ስልክ አይደለም፤ ከሕፃን አልጋ በላይ የሚንጠለጠለውን ማለቴ ነው። ቀጫጭን እንጨት አመሳቅለው ከጨርቅ የተሰፋ ዝሆን፣ ደመናና ጨረቃ በክር ያንጠለጥሉበታል፤ ነፋስ ሲነካው ቀስ እያለ ይዞራል። ስሙን ያወጣው ማርሴል ዱሻምፕ ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. የቀራፂውን የአሌክሳንደር ካልደርን ተንቀሳቃሽ ሥራዎች እንዲያ ብሎ ጠራቸው።

ነገሩ ያምራል። ሚዛኑን ማስጠበቅ ራሱ ልብ ይጠይቃል፤ ምሕንድስና የተማረ ሰው ሊንቀው አይችልም። ጠቤ ከዕቃው ጋር ሳይሆን አብሮት ከሚመጣው ወሬ ጋር ነው፦ «እኛ አገር ለሕፃን ተብሎ የሚሠራ ነገር የለም፤ ልጅ እንዲሁ ያድጋል» ይላሉ። እንዲሁ! ይህን የሚሉት እኮ ታዝለው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

በሶፍትዌር ሥራ ኮድ ከመጻፍ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ተጠቃሚው ማን ነው? የት ነው ያለው? የሞባይሉ ተጠቃሚ ለብቻው ክፍል ውስጥ በጀርባው የተኛ ሕፃን ነው። አጠገቡ ሰው ስለሌለ የሚያየው ነገር ተንጠለጠለለት። (እግረ መንገዴን፦ ዝሆኑን በጎኑ የሚያየው በር ላይ የቆመው እንግዳ ነው። ሕፃኑ ከታች ሆኖ የሚያየው የዝሆኑን የሆድ ስፌት ነው።) አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት የሚርቀውም ይህንኑ ያህል ነው። አምስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ በእጁ ተደግፎ ቀና ማለት ሲጀምር ደግሞ ክሩ እንዳያንቀው ሞባይሉ መውረድ አለበት። በዚያ ዕድሜ አንቀልባ ገና ሥራ መጀመሩ ነው።

በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ የሚታወቀው የድሮው አንቀልባ የለፋ ቆዳ ነው፤ ጠፍሩ ዞሮ ደረት ላይ ይታሰራል፣ ላዩ በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። እናት ወደ ወገዳ ገበያ ስትወጣ ልጇ አህያውን፣ እህሉን፣ ጠበኛውንና ሰላምተኛውን በትከሻዋ አሻግሮ ያያል። እንቅልፉ ሲመጣም እዚያው ጀርባዋ ላይ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ኸንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች ሞንትሪያል ውስጥ ሠርተው ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን ከተለመደው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲታቀፉ የተደረጉ ሕፃናት በ6 ሳምንታቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። የጋይንት አያት ይህን ብትሰማ «ለዚህ ነው ሐኪም የሆኑት?» ትል ነበር።

«የእናትየዋ ወገብስ?» የሚለኝ አለ። እውነት ነው። ልጅ አዝላ፣ ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት አለች፤ ታናሿን አዝላ ከጨዋታ የምትቀር የስምንት ዓመት እህትም አለች። የዚህ መልስ አባትም ይዘል የሚል ነው። ወንድ ልጅ ቢያዝል ነውር ነው የሚለውን ወሬ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዝሆን አይሽረውም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። የቆዳ አንቀልባ የጠፋው ጨርቅ ስለረከሰ ብቻ አይደለም፤ ቆዳውን የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን ስለሰደብነውም ነው። ጥሬ ቆዳ ነክሮ፣ ጠጉሩን ፍቆ፣ በእምቧይ አልፍቶ፣ ቅባት እየቀባ እስኪለሰልስ ሲያሸው የሚከርም ሰው ነው። እሱ በሠራው አንቀልባ ልጃችንን አዝለን፣ በዚያው አፋችን ቡዳ ነው፣ ልጅ ይበላል አልነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብና አጥንት ሲቆጠር ብቅ ይላል። ታዲያ ልጆቹ ሙያውን ጥለው ቢሸሹ ማን ይፈርድባቸዋል?

ያው ሰዳቢ አዲስ አበባ ሲገባ «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን የውጭ ዕቃ ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል። እጁ የማን እንደሆነ ስላላየው ክቡር ሆነለት። የሚያውቀው ሰው እጅ ሲሆን ግን ይጸየፈዋል።

ሞባይል የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ ሥሩ። ስንደዶና አክርማ ገበያ ላይ አለ፤ የጋይንት ሴቶች ሰፌድና ሌማት የሚሰፉበት ነው፣ ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ቀለምም ይይዛል። አሰፋፉን ከሚያውቁት ሴቶች ተማሩ፣ ላስተማሩበትም ክፈሏቸው። አንቀልባም እዘዙ። ቆዳ አልፊው ዋጋውን ሲነግራችሁ ግን እንደ ሽንኩርት ግማሹን አትጥሩበት።