ቱቦላሬው እስኪጨራመት ይፈተን

በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ከላሜራ ታጥፎና ተበይዶ የሚወጣው ቱቦላሬ የስንቱን ቤትና መጋዘን ጣራ ተሸክሟል! ስለ ጥንካሬው ሲነሣ ግን ዘወትር የሚጠቀሰው ከላሜራው የተቆረጠ ናሙና እስኪበጠስ የሚሳብበት ፈተና ነው። አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ግድግዳው ቀጭን የሆነ ሣጥን ሲጨመቅ የሚወድቀው ተበጥሶ ሳይሆን ጎብጦና ተጨራምቶ ነውና። የግድግዳው ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ፣ ስፋቱ ሳይለወጥ፣ መጉበጥ የሚጀምርበት ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል።

በ1970 እ.ኤ.አ. የሜልበርኑ ዌስት ጌት ድልድይ በግንባታ ላይ ሳለ ተደርምሶ 35 ሰዎች ያለቁት የጎበጠ ላሜራ ለማቃናት ብሎኖች ከተፈቱ በኋላ ነበር።

ተማሪዎቻችን አጠር ያለ የቱቦላሬ ቁራጭ በመጭመቂያ መኪና እስኪጨራመት ይጫኑት፤ የወደቀበትንም ጭነት በስሌት ካገኙት ጋር ያስተያዩት። ለስሌቱ የሚወስዱት ውፍረት ግን ሻጩ የነገራቸውን ሳይሆን ራሳቸው በካሊፐር የለኩትን ይሁን።