የመቁረጫ ዲስክ ዋጋ በፍሬ ሳይሆን በሜትር ይቆጠር

የብረት ዲስክ ለብረት፣ የእንጨት መጋዝ ለእንጨት መሆኑን የማያውቅ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የለም። ፋይበር ግላስ ሲመጣ ግን ይህ ዕውቀት ይረሳል። ብርሃን አስገቢ ጣሪያ የሚያለብስ ወይም የመኪና አካል የሚሠራ ባለሙያ መደብር ገብቶ “የግራይንደር ዲስክ ስጠኝ” ይላል። ሻጩም ምን እንደሚቆረጥበት ሳይጠይቅ እጁ ላይ ያለውን ርካሽ የብረት ዲስክ ያቀብለዋል። ሁለቱም ያተረፉ መስሏቸው ይለያያሉ። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም ከስረዋል።

ምክንያቱ የዕቃው ጠባይ ነው። ፋይበር ግላስ በሙጫ የተያያዘ የብርጭቆ ክር ነው። ብርጭቆው የመጋዝ ጥርስ ይበላል፤ ሙጫው ሲግል ይቃጠላል። ተራ የእንጨት መጋዝ ጥቂት እንደቆረጠ ይዶለዱማል፤ ትላልቅ ጥርሶቹም ክሩን እየነቀሉ ጠርዙን ይሸረክቱታል። የብረት ዲስክ ደግሞ ጠርዙን ያጠቁራል፣ ራሱም በሙጫ ይደፈናል።

ለዚህ ሥራ ሁነኛው ጥርስ የሌለው፣ ዙሪያው ሳይከፋፈል የአልማዝ ብናኝ የለበሰው ዳይመንድ ዲስክ ነው። ሴራሚክ የሚቆረጥበት ዓይነት ስለሆነ ለገበያችን እንግዳ አይደለም። ዙሪያው የተከፋፈለውና ለኮንክሪት የሚሸጠው ግን ጠርዙን ያሻክራል። ለቀዳዳና ለተጠማዘዘ መስመር የካርባይድ ብናኝ የተለበጠ የጂግሶው ምላጭ ይመረጣል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚቆርጥ ሰው በኢንች 32 ጥርስ ያለው የሴጌቶ ምላጭ ይበቃዋል፤ ውድ ዕቃ እንዲገዛ መገፋፋት አይገባም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለስሌት እንዲቀል ርካሹ ዲስክ 100 ብር ተሽጦ 4 ሜትር ቆረጠ፤ ውዱ 600 ብር ተሽጦ 60 ሜትር ቆረጠ እንበል። በፍሬ ሲታይ ሁለተኛው ስድስት እጥፍ ይወደዳል። በሜትር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 25 ብር፣ ሁለተኛው 10 ብር ብቻ ነው። ጠርዙ ተሸርክቶ የሚጣለው የፋይበር ግላስ ሉህ በዚህ ስሌት አልገባም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ወርክሾፕ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ለመግዛት የሚወጣው ብር በእጅጉ ጨምሯል። በውድ ምንዛሪ የሚገባ ዲስክ አንድ ቀን አገልግሎ የሚጣል ከሆነ ኪሳራው ከአስመጪው እስከ መጨረሻው ደንበኛ ይደርሳል።

ብዙ ቸርቻሪዎች “ደንበኛው የሚጠይቀው ርካሹን ነው፤ ውዱ መደርደሪያ ላይ ይቀርብናል” ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ገንዘብ አስሮ መቀመጥን የሚወድ ነጋዴ የለም። ነገር ግን ደንበኛው ርካሹን የሚጠይቀው ልዩነቱን የሚነግረው ስላጣ ጭምር ነው። ጥቂት ዳይመንድ ዲስክ ይዞ በቁራጭ ፋይበር ግላስ ላይ ቆርጦ ማሳየት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ዋጋ የማይተመንለት ጉዳይም አለ። የፋይበር ግላስ ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል። ስለዚህ የአቧራ ጭንብልና የዓይን መከላከያ ከዲስኩ ጎን መሸጥ አለባቸው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ፍጥነትም ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ብዙውን ጊዜ በ115 ሚሊ ሜትር የብረት ዲስክ ላይ በደቂቃ 13,300፣ በ230 ሚሊ ሜትሩ ላይ 6,600 ዙር ተጽፎ ይገኛል። ትልቁን ዲስክ መከላከያውን አውልቆ በትንሹ ማሽን ላይ መግጠም ዲስኩን ያፈነዳል። የእንጨት መጋዝ ግራይንደር ላይ መግጠምም እጅ ያሳጣል።

እንግዲህ አስመጪው ሲያዝ የሚቆረጠውን ዕቃ ያስብ፤ ቸርቻሪው “ምን ልትቆርጥበት ነው?” ብሎ ይጠይቅ፤ ገዢውም “ስንት ሜትር ይቆርጥልኛል?” ይበል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንዲት ሳንቲም አያስወጡም፤ የሚያድኑት ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።