ኢንሹራንስ ዋጋን እንጂ ትዝታን አይከፍልም



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ወደ ጋራዥና ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ጎራ እንላለን። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን መኪና ባለባቸው ብዙ ቤቶች ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረት እርሷ ናት። ልጆች ወደ መድረሳ የሚሄዱባት፣ ምጥ የያዛት እናት በእኩለ ሌሊት ሐኪም ቤት የምትደርስባት፣ ጎረቤት ሲሞት ቀባሪ የሚሳፈርባት ናት። እንዲህ ያለችው መኪና በአደጋ ከጥቅም ውጭ ስትሆን ቤተሰቡ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ያጣል፤ ንብረቱንና ትዝታውን። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱንም ከአንድ ኪስ ለማስከፈል ሲሞከር ነው። እውነትና ውሸት፣ ሐላልና ሐራም የሚፈተኑትም እዚህ ላይ ነው።

ውሉ ምን ይላል?

በአገራችን የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህንኑ ደንግጓል። ይሁንና ይህ መድን የሚክሰው በእኛ መኪና የተጎዳውን ሌላውን ሰው እንጂ እኛን አይደለም። የራሳችን መኪና እንድትካስ ከፈለግን ሙሉ ሽፋን የሚባለውን ውል በፈቃዳችን መግባት ይኖርብናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት ኢንሹራንስ የካሣ ውል መሆኑን ይገልጻል። ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ ኢንሹራንስ ማትረፊያ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ኩባንያው በውሉ ላይ ከተጻፈው የገንዘብ መጠን በላይ አይከፍልም። ስለዚህ ሁለት ጣሪያዎች አሉ፤ አንዱ የዕለቱ የገበያ ዋጋ፣ ሁለተኛው በውሉ የሰፈረው መጠን። ተጎጂው የሚያገኘው ዝቅተኛውን ነው። ከዚያም ላይ ባለንብረቱ ራሱ እንዲሸከመው በውሉ የተመለከተው ድርሻ ይቀነሳል።

የሒሳብ መምህር እንደሚያደርገው በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት መኪና በገበያ 800,000 ብር ታወጣለች እንበል። ባለቤቷ ግን አረቦን ለመቆጠብ ወይም ሳያስተውል በ400,000 ብር ብቻ አስመዝግቧታል። ሙሉ በሙሉ ብትወድም የሚያገኘው ከ400,000 ብር አይበልጥም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የሚከተለውን ነው። የ200,000 ብር ጥገና የሚጠይቅ ጉዳት ቢደርስባትም ሙሉው 200,000 አይከፈለውም። ግማሹን ዋጋ ብቻ ስላስመዘገበ ለቀረው ግማሽ የራሱ ዋስ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ካሣውም 100,000 ብር ይሆናል።

መኪናዋ ትጠገን ወይስ ትጣል የሚለው የሚወሰነው ጋራዦች ዋጋ አቅርበው፣ የኩባንያውም ኢንጂነር ጉዳቱን መርምሮ ነው። የጥገናው ወጪ ወደ መኪናዋ ዋጋ ከተጠጋ «ቶታል ሎስ» ትባላለች። ይህ ቃል ለኢንጂነሩ የሒሳብ ቃል ነው። ለቤተሰቡ ግን እንደ መርዶ ነው።

አንድ ሐጂና አንዲት ኮሮላ

በመንደራችን የሚኖሩ አንድ ሐጂ ቶዮታ ኮሮላ ነበረቻቸው። ሟች ባለቤታቸው በሕመም ላይ ሳሉ ሐኪም ቤት ያመላለሷቸው በእርሷ ነበር። ታናሽ ልጃቸው ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ መኪናዋ ተንሸራትታ ከመንገድ ወጣችና ተገለበጠች። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ክንዱን ከመላላጥ በቀር አልተጎዳም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐጂ አንድ ፖስታ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበርና «አስተማሪ፣ እስቲ ይህን አንብበህ ንገረኝ» አሉን። አነበብንላቸው። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ የመኪናዋ ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ብር እንኳ አልተነካም። በዚያ ገንዘብ በዚህ ዘመን ሌላ ኮሮላ መግዛት አይታሰብም።

ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ይህች መኪና እኮ ስንቱን የተሸከመች ናት!» አሉ።

«ልክ ነዎት ሐጂ፤ ውሉ ግን ስለ ብረቷ እንጂ ስለ ተሸከመችው አይናገርም» አልናቸው።

ታላቁ ልጃቸው ሌላ ሐሳብ ነበረው። ኩባንያው ከፈቀደ ስብርባሪዋ ለቤተሰቡ ትቀራለች፤ ዋጋዋም ከካሣው ይቀነሳል። ከዚያ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ ተገዝቶ፣ በቀጥቃጭ ተቃንታና ቀለም ተቀብታ ትሸጣለች። በካሣውና በሽያጩ ገንዘብ ሌላ መኪና ይገዛል። በመሠረቱ ስብርባሪን ማስቀረት በራሱ ነውር የለበትም። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው።

የሰፈሩ መካኒክ መኪናዋን አገላብጦ አየና እውነቱን ነገራቸው። እንደ ኮሮላ ያሉ አውቶሞቢሎች እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ የመኪናዋ አካል ራሱ ተሸካሚ ነው። የጣሪያዋ ምሰሶዎችና ወለሏ ታጥፈዋል። በእሳትና በመዶሻ ቢቃኑ ለዓይን ደህና ይመስላሉ። ነገር ግን ጎማዋ በአንድ ወገን ይበላል፤ በሯ በልኩ አይገጥምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ግጭት ቢመጣ እንደ መጀመሪያው አትከላከልም። የፈነዳው ኤርባግ ሳይተካ ሽፋኑ ብቻ ከተሰፋማ ተሳፋሪው ያለ መከላከያ ተቀምጦ ሳለ ተጠብቄያለሁ ብሎ ያምናል።

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩና «ልጆቼን የማላሳፍርባትን መኪና የሰው ልጆች ይሳፈሩባት ብዬ ልሽጥ?» አሉት።

«አባ፣ ገዢውም እኮ አይቶ ነው የሚገዛው» አለ ልጁ።

«የሚያየው ቀለሙን ነው፤ የታጠፈውን የምናውቀው እኛ ነን።»

በዚሁ ተቆረጠ። ሐጂ ሊብሬውንና ቁልፉን ለኩባንያው አስረክበው በውሉ የተጻፈውን ተቀበሉ። ከመኪናዋ ውስጥ ያወጡት ከመስታወቷ ላይ ትንጠለጠል የነበረችውን የሟች ባለቤታቸውን ሙስበሓ ብቻ ነበር። ዛሬ ወደ መስጂድ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ሌላ መኪና ገና አልገዙም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ሰድደው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙና ሻጩን እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው እንደገሠጹት በሐዲስ ተዘግቧል። በዘመናችን ከላይ ያለው ደረቅ እህል አዲሱ ቀለም ነው፤ ከሥር ያለው እርጥበትም የታጠፈው ምሰሶ ነው። በዚህኛው ላይ ግን የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ስለ ኢንሹራንሱ ራሱስ?

ወጣት አንባቢዎቻችን «ኢንሹራንስ መግባት እንዴት ይታያል?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበት የንግድ ኢንሹራንስ ውሉን የሚያበላሽ ከፍተኛ ገረር፣ ማለትም ያልታወቀ ነገር ያለበት መሆኑን ገልጿል። በአንጻሩ በመተጋገዝ ላይ የተመሠረተውን መድን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። ተካፉል የሚባለው ይኸው ነው። አባላቱ መዋጮውን ለተጎዳው ወንድማቸው መርጃ ብለው ይሰጣሉ፤ ኩባንያው ደግሞ እንደ ወኪል ሆኖ ያስተዳድረዋል። የመጀመሪያው የተካፉል ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. በሱዳን ተቋቋመ። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ተካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ ይህ በር ተከፍቷል።

ሕግ ግዴታ ያደረገውን መድን በተመለከተ ብዙ ዑለማዎች ሰው ለተገደደበት ነገር ተጠያቂ እንደማይሆን ያስረዳሉ። ከንግድ ኢንሹራንስ የተገኘ ካሣ ምን ያህሉ እንደሚወሰድ ግን የሐሳብ ልዩነት አለና እያንዳንዱ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ልዩነት የሌለበት ነገር ቢኖር በሐሰት የተገኘው ገንዘብ ነው። የቆየ ጭረትን ከአዲሱ አደጋ ጋር መደመር፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው የነዳውን ሌላ ሰው ነዳው ብሎ መመዝገብ፣ ከጋራዡ ጋር ተስማምቶ ዋጋ ማስጨመር፣ ይህ ሁሉ «ኩባንያው ሀብታም ነው» በሚል ምክንያት ሐላል አይሆንም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሉ በሚታደስበት ወቅት የመኪናችንን የገበያ ዋጋ አጣርተን እናስተካክል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የቀድሞው ዋጋ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ አደጋ ሲደርስ ቅድሚያ ለሰው ሕይወት ነው። ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፤ የሚቻል ከሆነም ቦታው ፎቶ ይነሳ። ለኩባንያው በፍጥነት ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የንግድ ሕጉ ቢበዛ የ5 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ኢንጂነሩ ሳያይ ጥገና አይጀመር።

ሦስተኛ፣ ለግል አገልግሎት የተመዘገበች መኪና በክፍያ ሰው የምታመላልስ ከሆነ አስቀድሞ ለኩባንያው ይነገር። አለበለዚያ በክፉ ቀን ካሣ ሊያስከለክል ይችላል።

አራተኛ፣ የቀረበው ግምት ከገበያው ያነሰ ከመሰለን ምክንያቱን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ የተመሳሳይ መኪኖችን ዋጋ በማስረጃ እናቅርብ። ሌላ ጥያቄ የለኝም የሚለውን ወረቀት ሳንስማማ አንፈርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ትዕግሥት ይኑረን። መብትን በእውነት መጠየቅ ከሰብር ጋር አይጋጭም።

አምስተኛ፣ ስብርባሪውን ያስቀረ ሰው ጠግኖ ሲሸጥ የደረሰባትን አደጋና የተሠራውን ሁሉ ለገዢው በጽሑፍ ይስጥ። ዋጋው ቢቀንስ እንኳ በረካው ይቀራል። አሮጌ መኪና የምትገዙ ወጣቶችም ከቀለሙ በፊት የበሩን አገጣጠም፣ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ወለልና የጎማውን አበላል ተመልከቱ፤ የራሳችሁንም መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

ውድ አንባቢያን፣ መኪና በእጃችን ያለች አማና ናት። ስታገለግለን ሹክር፣ ስትጠፋ ሰብር ይገባል። ትዝታው ግን በቤተሰቡ ልብ ውስጥ ነውና አይገመትም፤ ስለማይገመትም ማንም አይከፍለውም፤ ማንም አይወስደውም። አላህ (ሱ.ወ.) መንገዳችንን ሰላም፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን። ለመጪው ወር በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።